በግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ ለሚወጡ፦ ስለ መሰላል፣ ቀበቶና ገመድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያለው ግቢ እያነሰ ሄዷል። የቀሩት ዛፎች ግን አርጅተዋል፣ ገዝፈዋል፤ ቅርንጫፎቻቸውም ከቆርቆሮ፣ ከአጥርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ይጋፋሉ። ከቀበና፣ ከአራት ኪሎና ከሳር ቤት አካባቢ ሰዎች ዛፋቸውን ለመመልመል ሲነሡ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። በገመድ ታስሬ ዛፍ በመመልመል የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ አንዳንዱ መልስ ጠንከር ቢል አይግረማችሁ።

ዛፉ ላይ መውጣት የግድ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ቆርቆሮ የሚጭር ወይም አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ያስመረረ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተቁሞ በረጅም እጀታ መጋዝ ሊወርድ ይችላል። እየተሳበ የሚረዝም እጀታ ያለው መጋዝ 4 ወይም 5 ሜትር ይደርሳል፤ የሰው ቁመት ሲጨመርበት የብዙ ግቢ ዛፍ ችግር እዚያው ያልቃል። ይህን ስናገር አንዳንዱ ቅር ይለዋል። መሰላል ሊገዛ ተነሥቶ መጋዝ ግዛ ሲባል ማን ደስ ይለዋል?

ጨርሶ የማይወጣባቸው ዛፎችም አሉ። የደረቀ ዛፍ፣ ግንዱ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ዛፍ፣ ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ የበቀለበት፣ ወይም ሰሞኑን ማዘንበል ጀምሮ በአንድ በኩል አፈሩ የተሰነጠቀ ዛፍ ሰው አይሸከምም። በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ቀበቶም አይጠቅም፤ የታሰራችሁበት ነገር አብሯችሁ ይወድቃልና።

4 ሜትር ያህል ብቻ ነው የምወጣው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አልበዛም?

ከ4 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት እስኪነካ አንድ ሰከንድ አይሞላውም። ሲነካም ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ቅርንጫፍ እይዛለሁ የሚል ሰው እጁ ከሐሳቡ እንደማይቀድም ይወቅ።

ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነካል። በጥንቃቄ ብቆርጠውስ?

አትቁረጡት። በመንደራችን ምሰሶዎች ላይ የሚያልፈው ዝቅተኛው መስመር 220 እና 380 ቮልት ነው፤ ከፍ ብሎ የተዘረጋው 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ከመሬት ሆኖ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ላልለመደ ሰው ይከብዳል። ብዙ ቦታ ሽቦው ልባስ የለውም። እርጥብ ቅርንጫፍ፣ የአሉሚኒየም መሰላልና የብረት እጀታ ያለው መጋዝ ሁሉም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። እናንተም መሣሪያችሁም፣ የሚወድቀው ቅርንጫፍም ጭምር፣ ከሽቦው ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባችሁ። ይህን ርቀት መጠበቅ ካልተቻለ ሥራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ 905 ደውላችሁ መስመሩ እንዲቋረጥ ወይም ራሳቸው እንዲመለምሉት ጠይቁ። ቢዘገዩም መጠበቅ ነው።

የትኛው ዛፍ ነው ሰውን የሚሸከመው?

ወይራና የሐበሻ ጽድ ጠንካሮች ናቸው፤ ቅርንጫፋቸው ቀጭን ቢመስልም እንጨቱ የታመቀ ነው። አቮካዶና ግራቪሊያ ግን ያታልላሉ። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ክንድ ያህል ወፍሮ እያለ ሳያስጠነቅቅ ይገነጠላል፤ ግራቪሊያ ደግሞ በነፋስ ብቻ እንኳን ቅርንጫፍ የሚጥል ዛፍ ነው። ጃካራንዳ መካከለኛ ነው፤ ግን በሁለት የተከፈለ ግንድ ካለው መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ እንዳለ በደንብ እዩ። ነጭ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ሲታይ ለመውጣት የተሠራ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ግን በረጅሙ እየተላጠ ይወርዳል፣ ከቅርፊቱ በታች ያለው ግንድም ለስላሳ ስለሆነ ጫማም ገመድም ያንሸራትታል።

በየትኛውም ዛፍ ላይ የምትታሰሩበት ቦታ ሕያው፣ ከክንዳችሁ የወፈረና ከግንዱ ጋር የተጋጠመ ይሁን። የተሻለው ራሱን ግንዱን ማቀፍ ነው።

ምን ዓይነት መሰላል ልግዛ?

ከአጣና በሚስማር የተመታ መሰላል ለቀለም ቀቢም ለዛፍ ወጪም በየሠፈሩ ይሠራል። ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ ግን ሚስማሩ ይላላል፣ መርገጫው በጎን በኩል ይሰነጠቃል፣ ያንንም የምታውቁት ከረገጣችሁት በኋላ ነው። ያለአማራጭ የምትጠቀሙበት ከሆነ እያንዳንዱ መርገጫ ቋሚው ላይ በተቆረጠ ጎድጎድ ውስጥ የተቀመጠና በሽቦ የታሰረ መሆኑን አረጋግጡ። ሚስማር ብቻውን ሰው አይሸከምም።

የአሉሚኒየሙ ቀላልና ጠንካራ ነው። ስትገዙ ቋሚው ላይ የታተመውን የክብደት መጠን አንብቡ፤ ጥሩዎቹ 150 ኪሎ ይላሉ፤ ይህ የእናንተን፣ የልብሳችሁንና የመሣሪያችሁን ክብደት በአንድነት ማለት ነው። አንድ ጊዜ የታጠፈ አሉሚኒየም ተቃንቶ አይድንም። በአካባቢው ሽቦ ካለ የፋይበር መሰላል ይሻላል። ተክለ ሃይማኖትና መርካቶ ባሉ የሕንጻ መሣሪያ መደብሮች ሁሉንም ታገኛላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት መሬት ላይ አስተኝታችሁ በአንድ ጫፍ አንሡትና ሲጠማዘዝ ወይም ሲንቀጠቀጥ እዩ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

መሰላሉን እንዴት ላቁመው?

አራት ለአንድ። መሰላሉ ዛፉን የሚነካበት ቦታ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ እግሩ ከግንዱ 1 ሜትር ይራቅ። ከዚህ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከራቀ እግሩ ይንሸራተታል። ግንድ ክብ ስለሆነ መሰላል እንደ ግድግዳ አይቀመጥበትም፤ ሰው ወደ ጎን ሲዘረጋ ይዞራል። ስለዚህ ጫፉ ግንዱ ላይ በገመድ መታሰር አለበት፤ እስኪታሰር ድረስ ደግሞ ከሥር ሰው ይያዘው። ቀበና አካባቢ እንዳሉት ተዳፋት ግቢዎች መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ዝቅ ያለውን እግር በድንጋይ ወይም በብሎኬት ቁራጭ ከመደገፍ ከፍ ባለው በኩል አፈሩን ቆፍራችሁ አስተካክሉት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት መርገጫዎች ለእጅ መያዣ እንጂ ለእግር አይደሉም።

የወገብ ቀበቶ ይበቃል ወይስ ሙሉውን ልግዛ?

ሙሉውን። በትከሻ፣ በደረትና በሁለቱም ጭን የሚታሰረውን ማለቴ ነው። የወገብ ቀበቶ የወደቀን ሰው ሲይዝ ጉልበቱ ሁሉ ሆድና አከርካሪ ላይ ያርፋል፤ ሰውየው ተገልብጦ ሊያመልጥም ይችላል። ሙሉው ቀበቶ ያንኑ ጉልበት ለጭንና ለዳሌ አጥንት ያከፋፍለዋል፣ ቀጥ አድርጎም ያንጠለጥላል።

ቀበቶው ላይ የተሰፋ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይኖራል፤ የተሠራበት ዓመት፣ የሚችለው ክብደትና የደረጃ ቁጥር ይጻፍበታል። በአውሮፓ ደረጃ ለሙሉ ቀበቶ ኢኤን 361፣ ለድንጋጤ መምጠጫ (በመውደቅ ጊዜ በሰውነት ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ለሚቀንሰው የማሰሪያ ገመዱ ክፍል) ኢኤን 355፣ ለመንጠቆ ኢኤን 362 ነው። ጽሑፍ የሌለውን አልገዛም፤ እናንተም ባትገዙት እመርጣለሁ። ከገዛችሁ በኋላ ልበሱትና ልኩን ፈትሹ። በጭን ማሰሪያውና በጭናችሁ መካከል የተዘረጋ መዳፍ መግባት አለበት፣ ጭብጥ ግን መግባት የለበትም። የጭኑን ማሰሪያ ወንዶች ምቾት ሲነሣቸው ያላሉታል። ሲወድቁ ምቾቱ የት እንደሚሄድ መናገር አያስፈልገኝም።

ቀበቶ ለብሻለሁ፣ ገመዱንም አስሬአለሁ። ታዲያ አሁን ወድቄ አልጎዳም ማለት ነው?

አይደለም፤ ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

በገበያ ያለው የማሰሪያ ገመድ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ይረዝማል። በአንደኛው ጫፍ የታጠፈ ጥብጣብ የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች፤ ድንጋጤ መምጠጫ የምትባለው እርሷ ናት። ሰው ሲወድቅ የጥብጣቡ ስፌት እየተተረተረ ይረዝምና በሰውነት ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ከ6 ኪሎ ኒውተን በታች፣ ማለትም ከ600 ኪሎ ክብደት ገደማ በታች ያደርገዋል። እርሷ ባትኖር በማይለጠጥ ገመድ 2 ሜትር የወደቀ ሰው ላይ የሚያርፈው ከአንድ ቶን ሊበልጥ ይችላል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

አሁን ግን እንደምር። ገመዱ 2 ሜትር። ሲተረተር የሚጨምረው እስከ 1.75 ሜትር። ገመዱ ከሚያያዝበት የቀበቶው የጀርባ ቀለበት እስከ ጫማ ሶል 1.5 ሜትር ገደማ። ለጥንቃቄ 1 ሜትር። ጠቅላላው 6.25 ሜትር ነው። ከታሰራችሁበት ነጥብ በታች ይህን ያህል ባዶ ቦታ ከሌለ ቀበቶው ሥራውን ሳይጨርስ መሬት ትደርሳላችሁ። ግቢ ውስጥ ያለ አቮካዶ ላይ 4 ሜትር ወጥቶ እግሩ ሥር ካለ ቅርንጫፍ የታሰረ ሰው ታስሮ የሚወድቅ ሰው ነው። ይህ መሣሪያ የታሰበው ለፎቅ ግንባታ ነው፤ የዛፍ ወጪ ችግር ሌላ ነው።

ስለዚህ በዛፍ ላይ ደንቡ ይለወጣል፤ ከራስ በላይ ታሰሩ፣ ገመዱን አሳጥሩ፣ ልል አታስቀሩ። እግራችሁ ቢከዳ ወዲያው ገመዱ ላይ መቀመጥ አለባችሁ እንጂ መውደቅ የለባችሁም። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ማሰሪያውም አብሮ ከፍ ይላል። አድካሚ ነው፣ ሥራውን ያዘገያል፣ ሌላ መንገድ ግን አላውቅም።

ሰው በብዛት የሚወድቀው የትኛው ከፍታ ላይ ነው?

እኔ ከፍታውን ሳይሆን መሸጋገሪያውን እፈራለሁ። ከመሰላል ወደ ቅርንጫፍ እግር ሲነሣ፣ ከአንዱ ማሰሪያ ተፈትቶ ወደ ሌላው ሲታሰር፣ ሥራ አልቆ ሻይ ተፈልቶ ሲጠራና ሲቸኮል። ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው ይጠነቀቃል፤ የሚወርድ ሰው ግን በሐሳቡ መሬት ደርሷል። ለዚህ ነው ከመሬት ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ ድረስ አንድም ቅጽበት ሳይታሰሩ አለመቆየት የሚያስፈልገው። በተግባር ይህ ማለት ሁለት ማሰሪያ መያዝ ነው፤ አንዱ ሳይታሰር ሌላው አይፈታም። በመውጣትና በመውረድ ጊዜ ደግሞ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘው ይቆዩ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የእንጨት ምሰሶ ሲወጡ ወገባቸውን ከምሰሶው ጋር የሚያቅፍ ገመድ አይታችኋል። እርሱ በዛፍም ይጠቅማል፤ ሁለት እጅን ለሥራ ነፃ ያደርጋል። ግን ወደ ኋላ መውደቅን እንጂ ግንዱን ይዞ ወደ ታች መንሸራተትን አያስቆምም። ከሌላው ጋር ይጨመራል እንጂ አይተካውም።

ገመዱስ? የጭነት መኪና ናይለን ገመድ ቤት አለኝ።

ያ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የተገመደ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ በሰበቃ ሙቀትም ይቀልጣል። ፍራሽና ማዳበሪያ ለማሰር ጥሩ ነው። ለሰው የሚሆነው ውስጡ እምብርት ያለው፣ ላዩ በጥልፍልፍ ሽፋን የተሸፈነ፣ ወፍራምነቱ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ለመውጫ ሥራ ተብሎ የተሠራ ገመድ ነው። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፉት፤ የሳሳ ወይም የጠነከረ ቦታ ካገኛችሁ ውስጡ ተጎድቷል።

ገመዱ ላይ እየተንሸራተተ የሚይዘው ቋጠሮ ምንድን ነው?

ፕሩሲክ ይባላል። ቀጠን ያለ፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ገመድ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ቀለበት ይሆናል፤ ከዚያ ወፍራሙ ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠምና በራሱ ውስጥ ያልፋል። ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፣ ክብደት ሲነሣለት በእጅ ይገፋል። ከላይ ከታሰረ ቋሚ ገመድ ጋር በዚህ ቋጠሮ የተያያዘ ሰው ከመሬት እስከ ላይ ሳይፈታ ይወጣል፤ ቋጠሮውን ከአገጩ በላይ እየገፋ። ሁለቱ ገመዶች በውፍረት እኩል ከሆኑ በደንብ አይነክስም። መሬት ላይ ቆማችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ክብደታችሁን ጥላችሁ ሳትፈትኑት አትውጡበት።

ከአሜሪካ ዘመዴ ለአደን የሚጠቅም የዛፍ መውጫ መቀመጫ ይዞልኝ መጣ። ለመመልመል ይሆናል?

አይሆንም። ሳትጥሉት ግን አሠራሩን እወቁ፤ ብልህ ዕቃ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ የላይኛው መቀመጫ፣ የታችኛው የእግር መድረክ። ሁለቱም ግንዱን በኬብል ወይም በቀበቶ ያቅፋሉ። ሰውየው ተቀምጦ እግሩን ሲያጥፍ መድረኩ ከፍ ይላል፤ መድረኩ ላይ ቆሞ ደግሞ መቀመጫውን ከፍ ያደርጋል። ክብደት ሲያርፍበት ጥርሶቹ ቅርፊቱን ይነክሳሉ። አሜሪካኖቹ አጋዘን ለመጠበቅ በዚህ ወጥተው ለሰዓታት ይቀመጣሉ።

ለእኛ ግቢ የማይሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የሌለው ግንድ ይፈልጋል፤ መመልመል የሚያስፈልገው ዛፍ ደግሞ ቅርንጫፍ የሞላበት ነው። ሁለተኛ የተሠራው ሳይንቀሳቀስ ለሚቀመጥ ሰው ነው፤ መጋዝ የሚስብ ሰው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ጥርሶቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። ቅርንጫፍ የሌለው ቀጥ ያለ ግንድ ካለን ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ቅርፊቱ ይላጣል። ለስላሳ ወይም የሚላጥ ቅርፊት ያለው ዛፍ ለዚህ ዕቃ የተከለከለ ነው።

እሺ፣ ለመመልመል ሳይሆን ወፍ ፎቶ ለማንሣት ብጠቀምበትስ?

ለዚያ ይሆናል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ እዩ፤ ብዙዎቹ 300 ፓውንድ ይላሉ፣ 136 ኪሎ ማለት ነው፤ ካሜራና ቦርሳም ይቆጠራል። የሚይዘውን የግንድ ውፍረትም መመሪያው ላይ አንብቡ። ግንድ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ መሬት ላይ ስታስሩት የመድረኩ ፊት ትንሽ ወደ ላይ ያዘንብል፤ ከፍ ስትሉ ራሱ ይስተካከላል። ከመሬት ልክ አስተካክላችሁ ከጀመራችሁ ግን ላይ ስትደርሱ ወደ ታች አዘንብሎ ያንሸራትታችኋል። ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኘው ገመድ ሳታያይዙ ፈጽሞ አትውጡ፤ መድረኩ ከእግር አምልጦ ከወደቀ መቀመጫው ላይ ተንጠልጥላችሁ ትቀራላችሁ። ሙሉ ቀበቶውን ልበሱ፣ ማሰሪያውንም በየእርምጃው ከራሳችሁ በላይ ግፉት። ካሜራው በኋላ በገመድ ይሳባል። አዳኞቹም መሣሪያቸውን ጥይት አውጥተው በኋላ በገመድ ይስባሉ እንጂ ይዘው አይወጡም።

ለአደን ልጠቀምበት የሚል ካለ በኢትዮጵያ አደን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚሰጠው ፈቃድና በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ የሚካሄድ ነው። እንጦጦ ላይ ጠመንጃ ይዞ ዛፍ የሚወጣ ሰው ጥያቄው ከእኔ ሳይሆን ከፖሊስ ይመጣለታል።

ገጀራና መጋዝ እንዴት ይወጣሉ?

ከእናንተ በኋላ፣ በገመድ፣ በከረጢት ወይም በሰገባ ሆነው። ገጀራ ወገብ ላይ ሰክቶ መውጣት ከልማድ በቀር ምንም ምክንያት የለውም። ላይ ደግሞ ከገጀራ መጋዝ ይሻላል፤ ገጀራ ይወነጨፋል፣ የታሰራችሁበትን ገመድም በአንድ ምት ይቆርጣል። በሞተር የሚሠራ መጋዝ መሰላል ላይ ቆሞ አይነካም፤ ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ ዛፍ ላይ ጨርሶ አይነካው።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ አይወርድም። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በመጀመሪያ ከሥር ሲሶውን ቁረጡ፤ ከዚያ ትንሽ አልፋችሁ ከላይ ቁረጡ፣ ቅርንጫፉ ያኔ ቅርፊት ሳይገፍፍ ይወድቃል። የቀረውን ጉቶ መጨረሻ ላይ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት እብጠት ጠርዝ ላይ አስተካክላችሁ ቁረጡት።

ብቻዬን ብሠራ ችግር አለው?

አለው። ከሥር አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው ስልክ እየነካካ መቆም ሳይሆን ሕፃናትን ማራቅ፣ ገመድ መያዝና ክፉ ቢመጣ ማውረድ ነው። እርሱም የራስ ቁር ያድርግ።

ሰው ወድቆ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ቢቀር ምን ይደረጋል?

በፍጥነት ይወርዳል። ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጉዳት ባይኖረውም እንኳን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ከዚያም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ንቁ ከሆነ እግሩን እያንቀሳቀሰ፣ ኪሱ ውስጥ የያዛትን የገመድ ቀለበት ማሰሪያው ላይ ሰክቶ እግሩን አስገብቶ ይቁምባት። ያቺን ቀለበት ከመውጣታችሁ በፊት አዘጋጁ። ከሥር ያለው ሰው ሁለተኛ መሰላል አቅርቦ እግሩን ይደግፍለት፣ 939 ለእሳትና አደጋ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ሰውየው ሽቦ ነክቶ ከሆነ ግን መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ማንም አይቅረብ።

አባቶቻችን ያለዚህ ሁሉ ይወጡ አልነበር?

ይወጡ ነበር፤ ቀፎ ሰቃዮች ዛሬም ይወጣሉ። ግን ያለገመድ ነበር የሚለውን አልቀበልም። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ያውቀዋል። 15 ሜትር ገደማ የሆነውን ገደል እንግዳው በጠፍር ገመድ ሲወጣ፣ ከላይ ያሉት መነኮሳት ሁለተኛ ጠፍር ያወርዱለትና ወገቡ ላይ ይታሰራል። አንደኛውን በእጁ ይዞ ይወጣበታል፤ ሁለተኛው እጁ ቢከዳው ነው። ከላይ የሚይዝ ሁለተኛ ገመድ ማለት ይኸው ነው፤ እኔ የጨመርኩት የጭን ማሰሪያ ብቻ ነው።

የቀን ሠራተኛ ጠርቼ ባሠራ ኃላፊነቱ የእርሱ አይደለም?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሳየት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የእናንተ ጉዳይ በአዋጁ ሥር ይግባ አይግባ የሕግ ባለሙያ ይነግራችኋል፤ ግቢያችሁ ውስጥ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ግን የእናንተ ጉዳይ ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ ቀበቶ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ተከራዩለት ወይም ሌላ ሰው ፈልጉ። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ዛፉን ከሥሩ ማስወገድ ከፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወረዳችሁን ጠይቁ።

በየትኛው ወቅት ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር፤ ቅርፊቱ ደርቋል፣ ከሰዓት በኋላም መብረቅ ብዙም የለም። ሰው ግን የሚደውለው ሐምሌ ላይ፣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ከመታ በኋላ ነው። በክረምት የግድ ከሆነ ጠዋት፣ ዝናብ ካባራና ግንዱ ከደረቀ በኋላ ይሠራ። ነጎድጓድ ከተሰማ መውረድ ነው፤ ግማሹ ቅርንጫፍ ቢቀርም።

ያገለገለ ቀበቶ ብገዛ ምን አለበት?

ቀበቶ እንደ ብረት ዕቃ አይደለም። ታሪኩ ከላይ አይታይም፤ ፀሐይ፣ የባትሪ አሲድና የቀለም ማቅጠኛ ጥብጣቡን ከውስጥ ይበሉታል። መሰላል ያገለገለ ይገዛል፤ ቀበቶና ገመድ አይገዙም። አዲሱንም ቢሆን ከጥላ ውጭ አታስቀምጡት። ብዙ አምራቾች ጨርቃ ጨርቁ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ቢበዛ 10 ዓመት፣ የአደን ቀበቶ አምራቾች ደግሞ 5 ዓመት ይሰጡታል።

አንድ ጊዜ ወድቄ ያዳነኝን ቀበቶ እንደገና ልጠቀምበት?

አይ። ስፌቱ ያልተቀደደ ቢመስልም ሥራውን ሠርቷል። በመቀስ ቆራርጡትና ጣሉት፤ ሙሉውን ከጣላችሁት በሳምንቱ ምን አለሽ ተራ ታጥቦ ይሸጣል።